የሽኝት ጭስ

ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ያንን ደብተር ይዛ የገባች ቀን፣ በቤታችን የሚጋለጠው ሰው እኔ እሆናለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ጦርነቱ ካርቱምን ሳይበትናት፣ ሰው ገና በቤንዚን ሰልፍና በሙቀት ብቻ የሚነጫነጭበት ደጉ ጊዜ ነው። መምህሯ ለክፍሉ በሙሉ አንድ ሥራ ሰጥቷል። እያንዳንዱ ተማሪ የገዛ ቤተሰቡን ለአንድ ወር ይከታተል፤ ማን የት ሄደ፣ በምን ሄደ፣ ለምን ሄደ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ፣ አንድም ሳይቀር ይጻፍ። በወሩ መጨረሻ ተደምሮ ያ ቤት በመንገድ ላይ ያወጣው ጭስ ይታወቃል።

«ጭሳችንን ምን ሊያደርጉት ነው ደግሞ?» አልኳት።

«ያ ባባ፣ ዓለም እየሞቀች ነው» አለችኝ።

ወይ ጉድ! ካርቱም ላይ ሃያ ስምንት ዓመት ለተቀመጠ ሰው ዓለም እየሞቀች ነው ተብሎ ይነገራል? እኔ መካኒክ ነኝ። ጀሪፍ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ሚኒባስና ረክሻ እጠግናለሁ፤ ረክሻ የምንለው ያው ባለ ሦስት እግሩን ነው። ጥላ ላይ ያስቀመጥኩትን መፍቻ እኩለ ቀን ላይ በጨርቅ ካልያዝኩት መዳፌን ይልጠዋል። ይህንን ሁሉ ነገርኳት። እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናትና፣ አማርኛው ሲያጥራት በዓረብኛ እየሞላች፣ «ሙሽ ከዳ ባባ፣ እንደሱ አይደለም፣ ያንተ ሙቀት ሌላ፣ የዓለም ሙቀት ሌላ» አለችና እስክሪብቶዋን አወጣች። የኔ ሙቀት የት ላይ አልቆ የዓለሙ የት ላይ እንደሚጀምር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እውነቱን ለመናገር ሥራውን ወድጄው ነበር። የኛ ቤት ከክፍሉ ሁሉ አንደኛ እንደሚወጣ እርግጠኛ ነበርኩ። እኔ ወደ ሥራ የምሄደው በእግሬ ነው፤ ሦስት መታጠፊያ ብቻ። ባለቤቴ ኦምዱርማን ገበያ የምትሻገረው በወር አንዴ ነው፤ ያውም በሃፍላ፣ በሕዝብ አውቶቡስ፣ እንደ በርበሬ ታጭቃ። ልጅቷም በሃፍላ ነው የምትመላለሰው። መኪናስ አለችን፤ ከኋላዋ ጭነት የምትይዝ አሮጌ ቦክሲ። ግን ከእሑድ በቀር ንቅንቅ አትልም። «ጭስ የፈለግሽ እንደሆነ ባለ ትልልቅ መኪኖቹ ሰፈር ሂጂ» እያልኩ እቀልድባት ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት አልቆ ሰኞ ምሳ ላይ ደብተሯን ገለጠች። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሦስታችን ተደምሮ ግማሽ ገጽ አልሞላም። እሑድ ብቻዋን አንድ ገጽ ሞልታ ወደሚቀጥለው ተሻግራለች። ለካስ ያን እሑድ «ባባ፣ እኔም ልምጣ» ብላ ከኋላ የተሳፈረችው ልትጽፍብኝ ኖሯል!

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ባባ፣ ከጀሪፍ ሶባ። ሶባ ላይ፣ ሞተር ሳይጠፋ፣ አርባ ደቂቃ መቆም። ከሶባ ሰፈር እስከ አስፋልቱ። ከአስፋልቱ ተመልሶ ሶባ። እንደገና ሞተር ሳይጠፋ ሃያ አምስት ደቂቃ መቆም። እንደገና እስከ አስፋልቱ። እንደገና...»

«በቃ፣ ገብቶናል» አልኩ።

«ሁላችን ሳምንቱን በሙሉ ካወጣነው ጭስ ያንተ አንድ እሑድ ይበልጣል፣ ዋላሂ።»

ባለቤቴ በሳቅ ፍርስ አለች። «እኔ እኮ ስንት ዘመን ተናገርኩ! ይሄን ሰውና ያንን ጓደኛውን የሚለያያቸው ቤንዚን ማለቅ ብቻ ነው።»

ነገሩን የባሰ ያደረገው «ለምን ሄደ» የሚለው ዓምድ ነው። ከሥሩ የታተመ ምርጫ አለ፤ ሥራ፣ ትምህርት፣ ገበያ፣ ሕክምና፣ ጸሎት፣ መዝናኛ፣ ሌላ። ሽኝት የሚባል ነገር የለም። ልጄ ትንሽ አሰበችና «መዝናኛ ልበለው?» አለችኝ። «መዝናኛ ብለሽ ጻፊና ከዚህ ቤት ውጪልኝ!» አልኳት። በብዙ ክርክር «ሌላ» ውስጥ ገባሁ።

የሚሸኘው ሰው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። እሱና እኔ የአንድ መንደር ልጆች ነን። በመተማ አድርገን ሱዳን የገባነው አብረን ነው። ሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ያቺን ሁለት ዓመት እስከ ዛሬ ይኩራራባታል። ሚስት አላገባም፤ ለሰው ቤት ቀለም ይቀባል። ወላጆቼ ካለፉ ቆይተዋል፣ እኅት ወንድም የለኝም። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል የእናቴን ሳቅ የሰማ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ልጄ አንድ ቀን «አያቴ ምን ዓይነት ሴት ነበረች?» ብላ ስትጠይቀኝ አፌ ተያዘ። እሱ ግን ከመቀመጫው ተነስቶ እናቴ የጎረቤት ዶሮ ስታባርር እንዴት እንደምትሳደብ፣ ነጠላዋን እንዴት እንደምታጣፋ፣ መልሳ ደግሞ ለዚያችው ዶሮ እንዴት እንደምታዝን በሙሉ አሳያት። ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱ ከሌለ እኔ ካርቱም ላይ ከሰማይ ዱብ ያልኩ መካኒክ ነኝ።

ድሮ ሁለታችንም ጀሪፍ ነበርን፣ በመሀላችን አራት ቤት ብቻ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ዘንድ ይበላል። «በል እንግዲህ» ብሎ ሲነሳ እስከ ቤቱ እሸኘዋለሁ። ደጃፉ ስንደርስ እኔን ብቻዬን መስደድ ስለማይሆንለት እሱ ደግሞ እስከ ቤቴ ይሸኘኛል። ከቤቴ ብቻውን ሊመለስ ነው? እንደገና እነሳለሁ። አንድ ቀን አራተኛውን ዙር ስንዞር፣ ደጃፋቸው ላይ የሚቀመጡ ሱዳናዊ ሽማግሌ ጠርተውን፣ «ልጆቼ፣ የጠፋባችሁ ነገር ካለ አብረን እንፈልገው» አሉን።

ያኔ ከእኛ የሚወጣው ላብ ብቻ ነበር። በኋላ ኪራይ ይቀለኛል ብሎ ከተማው ጫፍ ሶባ ገባ፤ እኔም በዚያው ሰሞን ቦክሲዋን ገዛሁ። ታዲያ ሰው ራቀ ተብሎ ሽኝት ይቀራል? ኧረ እንዲያውም ይብሳል! ቤትህ በልቶ ጠጥቶ የተነሳን ሰው በር ላይ ሸኝተህ መመለስ ማለት እኮ ነውር ነው፤ እስከ በር የሚሸኘው ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው ነው።

እንዲህ ሆነና ለአስራ አንድ ዓመት እሱ በሃፍላ ይመጣል፣ እኔ በቦክሲ አደርሰዋለሁ። ቤንዚን በጠፋበት ወራት እንኳ ግማሽ ቀን ተሰልፌ ያገኘኋትን ለእሑድ አስቀምጣለሁ። ደጃፉ ስንደርስ «ግባ እንጂ» ይለኛል። «መኪናዋ ትጠፋብኛለች» እለዋለሁ። እውነቴን ነው፤ ሞተሪኖዋ ከሞተ ቆይቷል፣ አንዴ ከጠፋች የምትነሳው ተገፍታ ነው። የሰው መኪና ሳስነሳ እየዋልኩ የራሴን ሞተሪኖ ለመቀየር ጊዜ አላገኘሁም፤ አትፍረዱብኝ። ስለዚህ እኔ መሪ ይዤ፣ እሱ መስኮቱን ተደግፎ፣ ሞተሩ እየተንተከተከ እናወራለን። ዋናው ወሬ የሚመጣው ደግሞ ያኔ ነው። ወሬው ሲጋመስ «በል እስከ አስፋልቱ ልሸኝህ» ብሎ ይሳፈራል። አስፋልቱ ላይ ያንን ሰው ፀሐይ ላይ ጥዬው ልሂድ? አዙሬ እመልሰዋለሁ። ደጃፉ ላይ ደግሞ ያላለቀች ወሬ አትጠፋም።

ደብተሩ ክፍል ፊት እንደሚነበብ ስሰማ ደሜ ፈላ። የአንዷ ተማሪ አባት ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ዳቦ ቤት ዳቦ ለመግዛት መኪና የሚያስነሳ ሰው ነው አሉ፤ እሱ እንኳ ከእኔ አንሷል። የኔ ልጅ ተነስታ «አባቴ ሁሉንም በለጠ» ልትል ነው! ጠረጴዛውን መታሁ። «ከመጪው እሑድ ጀምሮ ሽኝት እስከ በር ነው። ኸላስ!»

«አንተ?» አለች ባለቤቴ። «እናያለና።»

እሑድ ደረሰ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨዋወትን። «በል እንግዲህ» ብሎ ተነሳ፤ እኔም ተነሳሁ። እጄ በልማድ ወደ ቁልፉ ሄደ፤ ባለቤቴ ስታየኝ ሰበሰብኩት። በሩ ላይ ቆምኩና ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«ስማኝማ» አልኩት። «ዓለም እየሞቀች ነው።»

«አሁን ነው የሰማኸው?» አለኝ።

ስለ ጭሱ፣ ስለ ደብተሩ፣ ሞተር ሳይጠፋ ስለ መቆሙ፣ ሁሉንም ዘረዘርኩለት። ልጄ የምትለውን ግማሹን ሳልረዳው ነበር የማስረዳው። እሱ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። «ልክ ናት ልጅቷ» አለ። ኮፍያውን አደረገ፣ ልጄን ጉንጯን ሳማት፣ ሄደ። መታጠፊያው ጋ እስኪደርስ አየሁት፤ ዞር ብሎ አላየኝም። ልጄ ያን ቀን በኔ ስም ፊት ዜሮ ጻፈችና «ማሻአላህ ባባ!» አለችኝ። ጀግና ሆንኩ።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ቅዳሴ ላይም አላየሁት። ባለቤቴ የሱን ድርሻ ከድና አስቀመጠችለት። ሃፍላ አጥቶ ይሆናል አልን። በሁለተኛውም እሑድ አልመጣም። «ደውልለት» አለችኝ። ለምን ብዬ? የቀረ ነው የሚደውል እንጂ የተቀረበት ይደውላል? ሳምንቱን በሙሉ ስልኬን በየደቂቃው እያየሁ፣ ማንም ሲደውል እየተቆጣሁ ሰነበትኩ። የአንዱን ረክሻ ፍሬን ገጥሜ ስጨርስ ባለቤቱ ሦስት ብሎን እጄ ላይ አሳየኝ። «ይሄስ?» አለ። «ትርፍ ነው» አልኩት። ደንግጦ ረክሻውን እየገፋ ወሰደው።

ቅዳሜ ልጄ ደብተሯን ይዛ ስትቀርበኝ ፈነዳሁ። «በጭስሽ ምክንያት ወንድሜን አሳጣሽኝ!»

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን የኔው ልጅ ናት፣ አልተመለሰችም። «እኔ መኪናውን አልኩህ እንጂ አሞን አላልኩህም!» አለችኝ። አሞ የምትለው እሱን ነው፣ አጎቴ ለማለት። ባለቤቴም ከወጥ ቤት ሆና «እውነቷን ነው» አለች። የሚፈርድልኝ አጣሁ።

የእሑዱ ቅዳሴ እንዳለቀ ወደ ሶባ ተነሳሁ፤ በሃፍላ። ስለ ዓለም ሙቀት አስቤ እንዳይመስላችሁ። የቦክሲዋ ማርሚታ ተቀዷል፤ ድምፅዋ ሶባ ሳትደርስ ሶባ ይሰማል። ሰምቶ በሩን ዘግቶ ቢወጣብኝስ? ድንገት ልደርስበት ነው የፈለግሁት።

መኪና ከገዛሁ ወዲህ ሃፍላ ተሳፍሬ አላውቅም። ሁለት ቀይሬ፣ የሰው ብብት ሥር ቆሜ፣ ከራሴ ጋር እየተጣላሁ ደረስኩ። እዚህ አገር ሃፍላ የሚያስቆመው የጣት ድምፅ ነው፤ መውረድ የፈለገ ጣቱን ቀጭ ያደርጋል። የኔ ጣት ደግሞ በግራሶ ስንት ዓመት የደነደነ፣ ቀጭ ማለት እምቢ አለ። ብሞክር፣ ባሸው፣ ወይ ፍንክች! ሰፈሩ እያለፈኝ ነው። ጨነቀኝና ባለ በሌለ ድምፄ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ፣ በአማርኛ። ሃፍላው ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ፤ ረዳቱ የታመምኩ መስሎት ውኃ አቀበለኝ። በመጨረሻ ቶብ የለበሱ አንዲት እናት ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ጣታቸውን አንድ ጊዜ ቀጭ ሲያደርጉ ሃፍላው ቀጥ አለ። «ያላ፣ ያ ሐበሻ» አሉኝ። ሁለት ማቆሚያ አልፌ ነበር።

በዚያ ፀሐይ ተመልሼ ስራመድ ሰፈሩ ራሱ እንግዳ ሆነብኝ። አስራ አንድ ዓመት የማውቀው ከመሪ ጀርባ ነው። የትኛው በር የሱ እንደሆነ ለማወቅ ቦክሲዋን የማቆምበት ቦታ ላይ ሄጄ ወደ ግራ ዞር ማለት ነበረብኝ። መሬቱ ላይ የቦክሲዋ ዘይት የተንጠባጠበበት ጥቁር እድፍ አለ። ከሱ ፊት ለፊት በሩ ገርበብ ብሏል።

እሱ በግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጦ ምስር ይለቅማል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ከኋላዬ መኪና ፈለገ።

«ቦክሲዋስ?»

«ጀሪፍ ናት።»

«ተበላሸች?»

«አልተበላሸችም። በሃፍላ ነው የመጣሁት።»

ምስሩን አስቀመጠና ተነሳ። «በል ግባ» አለኝ።

የለመድኩት መልስ አፌ ድረስ መጣና እዚያው ቀረ። የምትጠፋብኝ መኪና አልነበረችም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

ገብቼ ትንፋሼ ሲመለስ ቁጣዬ ትዝ አለኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ለምንድን ነው የቀረኸው?»

«አንተስ ለምን ቀረህ?»

«እኔማ ቤቴ ነበርኩ!»

«እኔም ቤቴ ነበርኩ።»

«ሁለት እሑድ ምሳ ተሠርቶ ጠበቅሁህ!»

«እኔም ሁለት እሑድ ከቅዳሴ ቀርቼ፣ ምሳ ሠርቼ ጠበቅሁህ። ጎረቤቶቼ ናቸው የበሉልኝ። ዛሬ ሦስተኛዬ ነው።»

«መቼ ጠራኸኝና ነው የምትጠብቀኝ?» ብዬ ጮህኩበት።

እሱ አልጮኸም። «አስራ አንድ ዓመት ግባ ስልህ ምን የምልህ መስሎህ ነው?» አለኝ።

ምስሩን ለመጣድ ጎንበስ እንዳለ፣ ፊቱን ሳያዞር ቀጠለ። «እስከ በር ብቻ የሸኘኸኝ ቀን እኮ አልተቀየምኩም። መንገዴን በሙሉ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። እሰይ፣ መሸኘቱ ከቀረ እንግዲህ መምጣት ይጀምራል አልኩ።»

አፈርኩ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። እሱን ላለማየት ብዬ ዓይኔን ወደ ክፍሉ መለስኩ። ግድግዳውን ራሱ ነው የቀባው፤ ግማሹ የአንዱ ደንበኛ ቀለም፣ ግማሹ የሌላው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሳህን፣ መቀመጫው የጎደጎደ አንድ ወንበር። ከጠረጴዛው ማዶ ደግሞ ሌላ ወንበር አለ፤ ከሱቅ የተገዛበት ላስቲክ እስካሁን አልተገፈፈም፣ ከማርጀቱ የተነሳ ወደ ቢጫ ሄዷል።

«ይሄንን መቼ ገዛኸው?» አልኩት።

«ሶባ የገባሁ ሳምንት።»

«ታዲያ ላስቲኩን ለምን አታነሳለትም?»

«ያንተ ነው» አለኝ። «ስትመጣ ራስህ ትገፈዋለህ ብዬ ተውኩት።»

ተንበርክኬ መግፈፍ ጀመርኩ። ያን ሁሉ ዓመት ሙቀት አድርቆት ኖሮ፣ ስይዘው እየተሰባበረ እጄ ላይ ይረግፋል። ከመደገፊያው ጀምሬ፣ መቀመጫውን፣ እግሮቹን አንድ በአንድ፣ ጥፍሬ እየገባ ለቀምኩት። እንባዬ ይወርድ ነበር፤ እሱ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ምስሩ በስሎ ሁለቱም ሳህን ሲቀርብ ገና መጨረሻውን እግር እየላጥኩ ነበር። «ኧረ ይቀዘቅዛል» አለኝ። ጨረስኩና ተቀመጥኩ።